የአህያ ባል ማን ነው? እንስሳትን ጠብቁ የተባሉት ሳይጠብቁ ሲቀሩ

ሰላም ከጉለሌ፦

የዛሬውን ክርክር እኔ ልክፈተው። ባለፈው ቅዳሜ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የእህል ገበያ ሄጄ ነበር። አንዲት አህያ እህል ተጭና ስትሄድ ጉልበቷ ከዳትና አስፋልቱ ላይ ተዘረጋች። የሚነዳት ልጅ ጭነቱን አላወረደላትም። ጭራዋን እየጠመዘዘ ሊያስነሳት ሞከረ። እምቢ ስትለው በዱላ ሆዷን፣ ጆሮዋን፣ ያገኘውን መታት። ጀርባዋ ላይ የቆየ ገጣባ ነበር። ተከፍቶ ጆንያውን ደም በደም አደረገው። ሰው ከቦ ያያል። እኔም መጀመሪያ ቆሜ አይ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

እዚያው አጠገብ ፖሊስ ነበር። ሄጄ ነገርኩት። “ይሄ የኛ ሥራ አይደለም፣ ግብርና ጠይቂ” አለኝ። ወረዳ ደወልኩ። “እኛ ክትባት ነው የምንሰጠው፣ ለደንብ አስከባሪ ተናገሪ” አሉኝ። ደንብ አስከባሪው ደግሞ “መንገድ ከዘጋች እናስነሳታለን፣ ድብደባው አይመለከተንም” አለ። በመጨረሻ ለእንስሳት የቆመ አንድ ድርጅት ጋ ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ልጅ ትሑት ናት፤ ግን የሚልኩት ሰው እንደሌላቸው ነገረችኝ። አራት በር አንኳኳሁ። የከፈተልኝ የለም። እኔና ሁለት ጫኞች ተጋግዘን ገመዱን ፈታን። አህያዋ ተነሳች። ልጁ ትንሽ አሳረፋትና መልሶ ጫናት።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን እንስሳን ያለ አግባብ ማሠቃየትን በደንብ መተላለፍ ይቀጣል። ሕጉ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል።

የኔ አቋም ይሄ ነው። ልጁን ከመክሰሳችን በፊት አራቱን በሮች እንጠይቅ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። እዚህ ባል ነኝ የሚል ብዙ ነው፤ ጅቡ ሲመጣ ግን አንድም የለም። ጠብቁ የተባሉት መሥሪያ ቤቶች ሲደወልላቸው ምን እንዳደረጉ በጽሑፍ መመለስ አለባቸው። ካልመለሱ ደግሞ ሊጠየቁ ይገባል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ስድብ ይቅር፣ ሐሳብ አምጡ።

ቀጥታ ልናገር፦

እህቴ፣ ልብሽ ጥሩ ነው። ግን የምንኖርበትን አትርሺ። የተደበደበች ሴት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ “ማስረጃ አምጪ” ተብላ በምትመለስበት አገር ለአህያ መዝገብ ይከፈት እያልሽ ነው። ፖሊሱ እንደዚያ ያለሽ ከክፋት አይመስለኝም። ሥራው በዝቶበት ነው። መጀመሪያ ሰው ይጠበቅ። እንስሳው ከዚያ ይደርሳል።

ሰላም ከጉለሌ፦

ያልከውን አከብራለሁ። ግን ያችን ሴት “ማስረጃ አምጪ” ብሎ የመለሰና እኔን “ግብርና ጠይቂ” ያለኝ አንድ ልማድ ነው። አቤቱታ መመዝገብ የሚሰለቸው ጣቢያ የማንንም አይመዘግብም። አህያዋ ዝም ስትል ሴትየዋ ቶሎ የምትሰማ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተሰምታ ነበር።

የባለጋሪ ልጅ፦

ያን ልጅ አውቀዋለሁ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት እኔ ነበርኩ።

አባቴ ምሥራቅ ሸዋ ውስጥ ባለጋሪ ነበር። አንድ ዳማ ፈረስ ነበረን። አራት ልጅ ያስተማረው እሱ ነው። አባቴ ማታ ሲገባ ራት ከመቅረቡ በፊት የፈረሱን እግር ያያል፣ ፉርሽካ ይሰጠዋል፣ ልጓም የላጠውን ቦታ በጨው ውሃ ያጥብለታል። ፈረሱ አንድ ቀን ከታመመ እኛ ያን ቀን ጾማችንን እናድራለን። ስለዚህ ባለጋሪ ሁሉ ጨካኝ ነው ሲባል ያመኛል።

ግን እኔ መትቻለሁ። አልዋሽም። ክረምት ነበር። አባቴ አሞት እኔ ወጣሁ። አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ “በአንድ ጉዞ ካደረስክ ሙሉ ሂሳብ፣ ሁለቴ ከተመላለስክ ግማሽ” አለኝ። ጫንኩት። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገባ። ፈረሱ ቆመ። መታሁት። ደጋግሜ መታሁት። አንገቱን አዙሮ ያየኝ ነገር እስከ ዛሬ ከፊቴ አልሄደም።

አሁን ንገሩኝ፣ ማን ይቀጣ? እኔ? የታመመው አባቴ? ሂሳቡን እንደዚያ አድርጎ ያወጣው ነጋዴስ? በልጅነቴም ሆነ ካደግኩ በኋላ ደንብ አስከባሪ መጋዘን ገብቶ “ይህን ሁሉ ለምን በአንድ ጋሪ አስጫንክ?” ሲል አላየሁም። ዱላ የያዘውን ልጅ መያዝ ይቀላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ቅጣት ይጥበቅ ስትሉ ቅጣቱ መጀመሪያ የማንን ቤት እንደሚያንኳኳ አስቡ።

ሌላም አለ። ባጃጅ ሲበዛ ጋሪ ከአስፋልት ተከለከለ። ክልከላው ክፉ ነው አልልም፤ ፈረስና አይሱዙ አንድ መንገድ ላይ አይሆኑም። ግን ከዚያ በኋላ ፈረስ ዋጋ አጣ። የማይሠራውን ማን ይቀልበዋል? ሰው እያወጣ ለቀቀው። አስፋልት መሃል ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሚያድሩትን ፈረሶች በዚያ መስመር የሚነዳ ሹፌር ሁሉ ያውቃቸዋል። ከመኪና የተረፈውን ጅብ ይጨርሰዋል። ክልከላውን የወሰነው ሰው “እነዚህስ ወዴት ይሂዱ?” ብሎ አልጠየቀም። ይሄ ጭካኔ አይደለም? ዱላ ስላልተያዘበት ነው?

የእንስሳት ሐኪም፣ ሐዋሳ፦

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። እናመሰግናለን።

ከሙያዬ ትንሽ ልጨምር። የኛ አገር አህያ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 130 ኪሎ ትመዝናለች። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። እንግዲህ ኩንታል የተጫነች አህያ ራሷን የምታህል ሌላ አህያ ተሸክማለች ማለት ነው። በሙያችን የሚመከረው የክብደቷ ሲሶ ገደማ ነው። ገጣባም የዱላ ብቻ አይደለም። ጭነቱ በቀጥታ አከርካሪዋ ላይ ያርፋል። ገመዱ ናይለን ነው። ከሥር የሚነጠፈው ጆንያ ስስ ነው። ቆዳው ይላጣል፣ ዝንብ ይገባበታል፣ ሳይድን በማግስቱ ይጫናል። ወፍራም ማስቀመጫ ከሥር ማድረግና ጭነቱን ግራና ቀኝ ማካፈል ብቻ ብዙ ቁስል ያስቀራል።

ኢትዮጵያ ከዓለም ብዙ አህያ ያለባት አገር ናት። ዶንኪ ሳንክችዋሪ የሚባለው ድርጅት ቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ፣ ብሩክ ደግሞ በደቡቡ ክፍል፣ ለዓመታት ሲያክሙና ባለቤቶችን ሲያስተምሩ ቆይተዋል። እኔ ራሴ ጭነት አጫጫንን የተማርኩት ከእነሱ ባለሙያዎች ነው።

አሁን የምለው ሰላምን ላያስደስታት ይችላል። እነዚህን ድርጅቶች “ለምን አታስቀጡም?” ብላችሁ አትያዟቸው። ሰውዬው የቆሰለች አህያውን እየጎተተ ወደኔ የሚመጣው እንደማላሳስረው ስለሚያምነኝ ነው። አንድ ቀን የአንዱን ስም ለፖሊስ ብሰጥ በማግስቱ ግቢው ባዶ ይሆናል። አህያዋ ጓሮ ታስራ ቁስሏ ይተላል። ይህን በዓይኔ ባላይ አልከራከርም ነበር። አንድ ጊዜ አብሮኝ ሐኪም ያልሆነ ሹም መጥቶ ባለቤቶቹን መገሠጽ ጀመረ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከወትሮው ሩቡ እንኳ አልመጣም።

ይህ ማለት እኛ አንጠየቅ ማለት አይደለም። በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ስንት ክትባት እንደሰጠን እንጽፋለን። ስንት ገጣባ እንዳየን፣ ከየትኛው ገበያ እንደመጣ፣ ምን ተጭኖ እንደነበር የሚሞላበት ዓምድ ግን ቅጹ ላይ አልነበረም። የሰው ስም ሳንጠራ ገበያውን መጥራት እንችል ነበር። አላደረግነውም። ይህ የኛ የሐኪሞቹ ጥፋት ነው።

ጡረተኛ ዐቃቤ ሕግ፦

ልጆቼ፣ አንድ ነገር እንለይ። ወንጀል መመርመር የፖሊስ ነው። መክሰስ የዐቃቤ ሕግ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅት አያስርም፣ አይከስም። ስለዚህ የሰላም አራተኛ በር ከሌሎቹ ጋር እኩል አይወቀስም። ፖሊሱ ግን “የኛ ሥራ አይደለም” ማለቱ ስህተት ነው። ደንብ መተላለፍም እኮ ወንጀል ሕጉ ውስጥ ነው ያለው።

እኔም ልናዘዝ። ከሃያ ዓመት በላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሳገለግል በእንስሳ ላይ ስለተፈጸመ ጭካኔ የተከፈተ መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ አያውቅም። ለምን አልመጣም ብዬም አልጠየቅኩም። የበሬ ስርቆት መዝገብ ግን ስፍር ቁጥር አልነበረውም። በሬው ሲሰረቅ ሕጉ ይነቃል፤ ሲሠቃይ ይተኛል። እኔም ከተኙት አንዱ ነበርኩ።

ድርጅቶቹ ለምን ዝም አሉ ለምትሉ ደግሞ አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከበጀቱ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይና በፍትሕና ሕግ ማስከበር አገልግሎት መሻሻል ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። የእንስሳት ድርጅቶች ገንዘብ በአብዛኛው የውጭ ነው። ማከም ይችላሉ፣ ማስተማር ይችላሉ። “ፖሊስ ሕጉን ለምን አያስከብርም?” ብሎ መወትወት ግን ፈቃድ የሚያሳጣ ሊሆን ይችል ነበር። ለአሥር ዓመት ያህል እንዲህ ኖሩ። በኋላ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተካ፤ ያ ክልከላ ቀረ። ፍርሃቱ ግን ከአዋጁ ጋር አብሮ አልተሻረም። ዛሬ ሊጠየቁ የሚገባው በዚህ ነው፦ አሁን አፋችሁ ተፈቷል፣ ለምን አትናገሩም?

ማሂ ከቶሮንቶ፦

እኔ ደግሞ ተቃራኒውን አደጋ ላሳያችሁ። እዚህ ኦንታሪዮ ውስጥ ከ1919 ጀምሮ ለመቶ ዓመት የእንስሳት ሕግን ያስከብር የነበረው ኦኤስፒሲኤ የሚባል የበጎ አድራጎት ማኅበር ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ የፖሊስ ዓይነት ሥልጣን ነበራቸው። ይፈትሻሉ፣ እንስሳ ይወስዳሉ፣ ይከሳሉ። ማኅበሩ ግን የግል ነው። መረጃ ስጡ የሚለው የመንግሥት ሕግ አይነካውም፤ ፖሊስን የሚቆጣጠረው አካልም አይቆጣጠረውም። በጃንዋሪ 2019 አንድ ዳኛ ይህ አይሆንም አሉ። የፖሊስ ሥልጣን የያዘ አካል ግልጽነትና ተጠያቂነት ከሌለው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈረዱ። ማኅበሩ በዚያው ዓመት ሕግ ማስከበሩን ተወ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በኋላ ፍርዱን ሻረው፤ ክፍለ ግዛቱ ግን ወደ ድሮው አልተመለሰም። አዲስ ሕግ አውጥቶ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ሥራውን ለራሱ ተቆጣጣሪዎች ሰጠ።

ሰላም፣ “ባል” ከመሾማችን በፊት ባልየውን ማን ይቆጣጠረዋል እንበል። አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ሎሚና ሶፍት የምትሸጥ ሴት ዕቃዋ ሲወሰድ አይቼ ነው ያደግኩት። የእንስሳት ደንብ አስከባሪ ቢቋቋም የመጀመሪያ ሥራው የድሃ አህያ መውረስ እንዳይሆን እፈራለሁ። የተወረሰችውስ አህያ የት ታድራለች? ማን ይቀልባታል?

ከኒውዮርክ፦

የማሂን ሐሳብ ልቀጥልበት። እዚህ ሄንሪ በርግ የሚባል ሰው በ1866 የእንስሳት ጠባቂ ማኅበር መሠረተ። ያኔ የኒውዮርክ ታክሲም አውቶቡስም ፈረስ ነበር። ሰውዬው ራሱ መንገድ ላይ ቆሞ ከአቅም በላይ የተጫነ ጋሪ ያስቆም ነበር። ሳነበው እህል በረንዳ ነው ትዝ ያለኝ። የማኅበሩ ሰዎች ለብዙ ዘመን ወንጀለኛ ያስሩ ነበር። ከ2014 ጀምሮ ግን ከተማው ውስጥ ምርመራውንና እስሩን ፖሊስ ተረከበ። ማኅበሩ ሕክምናና መጠለያ ይሰጣል። የሐዋሳዋ ሐኪም የምትለውም ይህንኑ መሰለኝ። ሐኪሙ ያክም፣ ፖሊሱ ያስር።

መንግሥት ስለያዘው ብቻ ግን አይጸዳም። ቨርጂኒያ ኩምበርላንድ ውስጥ ኤንቪጎ የሚባል ለምርምር ቢግል ውሻ የሚያረባ ኩባንያ ነበር። የፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር ተቆጣጣሪዎች ከ2021 ጀምሮ ደጋግመው ሄዱ። ዓመት ሳይሞላ ከ70 በላይ ጥሰት ጻፉ። የተራቡ እናቶች፣ የሞቱ ቡችሎች። ጻፉ እንጂ ፈቃዱን አልነጠቁም። በሜይ 2022 ፍትሕ ሚኒስቴር ፍርድ ቤት ሲሄድ ነው ነገሩ የተንቀሳቀሰው። ወደ 4,000 ውሾች ወጥተው በየቤቱ ተሰጡ። በ2024 ኩባንያው ጥፋቱን አምኖ ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍል ተስማማ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዝም ማለቱ የታወቀው የገዛ ወረቀቱን ሰው ማንበብ ስለቻለ ነው። መዝገብ ባይኖር ማን ያውቅ ነበር? ዶክተር ያልሽው ዓምድ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ።

የሾላው አባት፦

ሁላችሁም ስለ አህያ ታወራላችሁ። እኔ ስለ ውሻ ልናገር። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ውሻ እግሩን ነከሰው። ክትባት ፍለጋ ሦስት ቦታ ተንከራተትኩ። ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ውሃ ሲጠጣ እያየሁ፣ ይፈራ ይሆን እያልኩ። ተርፏል፣ ተመስገን። ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የነበረ ሰው ግን አልተረፈም። ስለዚህ በየከተማው ውሻ በመርዝ ሲጠፋ ጭካኔ ነው የሚሉትን አልሰማቸውም። ልጅ ያለው ሰው ይፍረደኝ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ሐዋሳ፦

ጋሼ፣ እንኳን ልጅዎ ተረፈልዎ። በእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው አይቻለሁ። ከዚያ የከፋ አሟሟት የለም። የእርስዎን ፍርሃት የሚያቃልል ሐኪም አይገኝም።

ግን መርዙ ልጅዎን አይጠብቅልዎትም። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው በውሻ የሚተላለፍ ነው። መተላለፉ የሚቆመው ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። መርዝ ሲበተን የተከተበውም ያልተከተበውም ይሞታል። ቆሻሻው ገንዳ ውስጥ አለ፣ የቄራው አጥንት ሜዳ ላይ አለ። ባዶው ሰፈር በጥቂት ወር ከሌላ ቦታ በመጡ፣ ክትባት በማያውቁ ውሾች ይሞላል። ስትሪክኒን የሚባለው የውሻ መርዝ ደግሞ እንቅልፍ የሚያስወስድ አይምሰልዎ። ውሻው ነፍሱን ሳይስት ጡንቻው እየተኮማተረ ነው የሚሞተው። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ የሚያዩት እሱን ነው።

የሾላው አባት፦

የተከተበውም ይሞታል ያልሽው አልታየኝም ነበር። ግን ክትባቱን የሚያመጣልን ማን ነው? ማንም ካላመጣ እኔ መርዙን እመርጣለሁ። እውነቱን ነው የምነግርሽ።

ሰላም ከጉለሌ፦

ጋሼ፣ ይሄ ነው የከበደኝ። ሕግ አስከብር የተባለው አካል ራሱ አድራጊ ሲሆን ለማን ይነገራል? በ2006 እ.ኤ.አ. ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ውስጥ ደቦሎች በመርዝ እንደሚገደሉ በዓለም ተሰምቶ ነበር። የግቢው አስተዳደር ራሱ ነበር ቦታና ገንዘብ ስለሌለ ነው ያለው። የአገር አርማ የሆነው አንበሳ ይህ ከደረሰበት፣ የመንደር ውሻና የጭነት አህያ ምን ተስፋ አላቸው?

ቀጥታ ልናገር፦

እኔ አሁንም ሰው ይቅደም ባይ ነኝ። አልለወጥኩም። ግን አንድ ነገር ላምጣ። ቢሾፍቱ የአህያ ቄራ ሲከፈት ሥጋና ቆዳው ወደ ውጭ ሊሄድ ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ። በ2017 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። የዘጋው የእንስሳት ሕግ አይደለም፣ የሕዝብ ድምፅ ነው። ታዲያ ቢሮ ለቢሮ ከመንከራተት መጮህ አይሻልም?

ጡረተኛ ዐቃቤ ሕግ፦

ጩኸት አንድ ቄራ ይዘጋል። በየቅዳሜው በየገበያው መጮህ ግን የሚችል ሰው የለም። በፌብሩዋሪ 2024 የአፍሪካ ኅብረት እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስቦ አህያ ለቆዳው እንዳይታረድ ለ15 ዓመት ከልክሏል። ደስ ይላል። አሥራ አምስቱን ዓመት ሙሉ ድንበር ላይ ቆሞ የሚቆጥረው ማን ነው? እሱ ደመወዝተኛ ይፈልጋል፣ ደመወዝተኛውን የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል።

በእጃችን ያለውን ልንገራችሁ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ምክንያትህን ተናገር እንኳ አይባልም። መሥሪያ ቤቱ እምቢ ካለ ወይም ዝም ካለ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይኬዳል። ተቋሙ የተቋቋመው የአስተዳደር በደልን እንዲሰማ ነው። ክስ አይደለም፣ ጠበቃ አያስፈልገውም። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። እንደ ማሂ ስጋት ማንም አህያ አይወርስም፤ የሚጠየቀው ቢሮው ነው። ሰላም፣ ጻፊው። ቋንቋውን እኔ አቃናዋለሁ።

ሰላም ከጉለሌ፦

ጻፍኩት ጋሼ። ለፖሊስ፣ ለወረዳው ግብርናና ለደንብ አስከባሪ ነው። እነሆ፦

ባለፈው አንድ ዓመት በእንስሳ ላይ ስለተፈጸመ ጭካኔ ስንት አቤቱታ ደረሳችሁ? ስንቱ ተመዘገበ? በስንቱ ላይ ምን ተደረገ? እንዲህ ያለ አቤቱታ የሚቀበለው የትኛው ክፍል ነው፣ ስልኩስ? ለባለቤት አልባ ውሾች ስንት ክትባት ተገዛ፣ ስንት መርዝ ተገዛ?

የመጨረሻውን የጨመርኩት የሾላውን አባት ሳነብ ነው።

የሾላው አባት፦

ስሜን አስገቢው። እኔም እፈርማለሁ። ክትባቱ ከሌለ ለምን እንደሌለ በወረቀት ይንገሩኝ።

ጡረተኛ ዐቃቤ ሕግ፦

“ጭካኔ” ያልሽው ጋ “በወንጀል ሕጉ በተመለከተው መሠረት” ብለሽ ጨምሪ። አለበለዚያ “ይህ የኛ ሥራ አይደለም” የሚለው መልስ ድጋሚ ይመጣል። ቅጂ አስቀሪ፣ ደረሰኝ ማኅተም አስመቺ።

የባለጋሪ ልጅ፦

እኔም እፈርማለሁ፤ ግን አንድ ጥያቄ ካልተጨመረ አይደለም። እንዲህ ብላችሁ ጻፉልኝ፦ “በእህል ገበያና በሲሚንቶ መጋዘን በር ላይ ጭነት የሚመዘንበት ሚዛን አለ ወይ? ከአቅም በላይ በማስጫኑ የተቀጣ አንድ ነጋዴ ካለ ቀኑን ጠቅሳችሁ ንገሩን።”